ያለ ጓንት

በአዲስ ጨፋ ከተማ ቀን የሚጀምረው በጣት ነው። ሠራተኛው ከቤቱ ወጥቶ መሥሪያ ቤቱ በር ሲደርስ የቀለበት ጣቱን ከግድግዳው ቀዳዳ ይከታል። መርፌዋ ቆንጠጥ አድርጋው ጠብታዋን ትወስዳለች። እሱም ጥጡን ጣቱ ላይ እንደያዘ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። ስሙ በአረንጓዴ ሲበራ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ሥራው ይገባል። የሰፈር ልጆች እንኳ ሥራ ሥራ ሲጫወቱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ጣት ለጣት መወጋጋት ነው።

ይህን ያመጣው ጤዛ ነው። ከተማዋ ከኮምቦልቻ በታች፣ በቦርከና ወንዝ ዳር በተቆረቆረችባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ በፋብሪካ ማደሪያዎች ውስጥ ወጣቶች ተኝተው ይቀሩ ነበር። የሚወስዱት አደንዛዥ ዕፅ ከጨው ቅንጣት አይበልጥም። ጤዛ ያሉት ሌሊት ወርዶ ጠዋት ስለሚገኝ ነው ይባላል። ያን ጊዜ የደም ምርመራ ተጀመረ፣ ሰዉም ጣቱን በደስታ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በደም ውስጥ ተገኘ የሚባልበት ወሰን በየዓመቱ ዝቅ እያለ መጣ። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች በደም የተሞላ ሐይቅ ቢቀርብላቸው አንዲት እንባ ጤዛ ከውስጡ ይለያሉ እየተባለ ይወራል። ጤዛ የወሰደውን ብቻ ሳይሆን የወሰደውን ሰው የነካውንም ያገኙታል። ስለዚህ በአዲስ ጨፋ ማንም ማንንም አይጨብጥም። ሰላምታ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ነው። ልባሽ ጨርቅ አይሸጥም። ሙሽሮች የሚሞሸሩት በነጭ ጓንት ነው፣ ብዙዎች ደግሞ አሁን አሁን ያምርባቸዋል ይላሉ።

ራቢያ ይመር የምትሠራው ይህ ሁሉ ጠብታ በሚሰበሰብበት ቤት ነው። ስሙ ረጅም ነው፣ ሕዝቡ ግን ደም ቤት ይለዋል። መሣሪያው አንድ ነገር ባገኘ ጊዜ የሰውየው ስም በሁለት ሰዎች ፊት ይከፈታል። ሁለቱም ውጤቱን አይተው አውራ ጣታቸውን ያሳርፋሉ፣ ያን ጊዜ ስሙ ወደ ቀይ ይለወጣል። ከሁለቱ አንዷ ራቢያ ናት። ሌላው ጋሽ ግዛቸው የሚባል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ የማያውቅ፣ ጡረታው የተቃረበ ሰው ነው።

ስሙ የቀላ ሰው ወደ ሐርቡ መንገድ ላይ ወዳለው ማረፊያ ይወሰዳል። ድሮ ሁለት ዓይነት ውጤት ነበር፦ ተጠቃሚ፣ እና የነካ ብቻ ከሆነ ነክ። ነክ የተባለው ገላውን ታጥቦ፣ ልብሱን ለውጦ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ሁለቱ ከተዋሐዱ ወዲህ ግን ማረፊያውም አንድ ነው። ከዚያ የሚወጣ ሰው የቀድሞ ሥራውን አያገኝም። ጠያቂም አይገባም።

ራቢያ ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው። አቶ ይመር ዕድሜውን በሙሉ ከጅቡቲ ነዳጅ ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነው። ባለፈው ክረምት ወገቡን እያመመው መጣ፣ ሲመረመር አጥንቱ ውስጥ የተሠራጨ ካንሰር ሆነ። ሲስተር እታፈራሁ የምትባል ነርስ ትከሻው ላይ የሕመም ማስታገሻ ፕላስተር ለጠፈችለት። መድኃኒቱ የጤዛ ቅርብ ዘመድ ነው። ለሚሞት ሰው ሕጉ ይፈቅደዋል፣ ለሚያስታምመው ግን አይፈቅድም። መድኃኒቱ ከፕላስተሩ ወደ ላቡ፣ ከላቡ ወደ አንሶላው ይሄዳል።

«ሁለት ጓንት ደርቢ» አለቻት ሲስተር እታፈራሁ። «አንቺ ደግሞ የደም ቤት ሰው ነሽ፣ ላንቺ አይራሩም።»

አባቷ ያን ቀን ገና ቀልድ ነበረው።

«የቦቴዬ ኋላ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ታስታውሻለሽ?» አላት። «ተቀጣጣይ፣ ርቀትዎን ይጠብቁ። ይኸው ዛሬ እኔው ጀርባ ላይ ለጠፉልኝ።»

ራቢያ ሳቀች። እሱም ሳቁ አጥንቱን እስኪነካው ድረስ ሳቀ።

በጓንት ታጥበዋለች፣ በጓንት ታገላብጠዋለች፣ በጓንት ታጎርሰዋለች። ሥራዋ ስለሆነ ለእሷ አዲስ አልነበረም፣ በቀን ውስጥ እጇ ከጓንት ውጭ የሚሆንበት ሰዓት በጓንት ከሚውልበት ያንስ ነበር። ወራት አለፉ። አባቷ ከሰውነቱ እየጎደለ ሄደ። ዓይኑ ደከመ፣ ቀጥሎ ሐሳቡ መንገድ ይስት ጀመር። አንዳንድ ጊዜ ሚሌ ላይ መኪና የተበላሸበት ይመስለውና ረዳቱን ይጣራል።

አንድ ቀን ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ስትጠርግለት እጇን ያዘና በጣቶቹ ዳሰሰው።

«የማነው ይሄ እጅ?»

«የኔ ነው አባ። ራቢያ ነኝ።»

«ራቢያ ቆዳ አላት» አለና እጇን ገፋው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጓንት እጅ አልበላም አለ። አፉን ገጥሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። በማንኪያ ሞከረች፣ ማንኪያውን የያዘውን እጅ ዳስሶ ተወው። ውሃ ብቻ፣ ያውም ብርጭቆውን ራሱ ይዞ፣ ግማሹን ደረቱ ላይ እያፈሰሰ ይጠጣ ነበር። ሲስተር እታፈራሁ መጥታ አየችውና ረሃቡ ከበሽታው እንደሚቀድም ነገረቻት።

ወንድሟ ሙሄ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነው። በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ ይመጣል፣ ነገር ግን ከመኝታ ቤቱ ደፍ አያልፍም። በሩ ላይ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይቆማል።

«ግባና አናግረው እስኪ» አለችው።

«ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል።»

«ይሰማሃል፣ አያይህም እንጂ። አንተን ሲጠራ ነው የዋለው።»

ሙሄ ወለሉን አየ። «እታለም፣ የሰው ልጆች ነው የምጭነው። አንድ ቀን ብቀላ የኔዎቹን ማን ያበላቸዋል?»

ራቢያ አልተቀየመችውም። በየቀኑ አውራ ጣቷን ከምታሳርፍባቸው ሰዎች ስንቶቹ ደፉን ከማለፋቸው በፊት እንደ እሱ በር ላይ ቆመው እንደነበር ታውቃለች፣ ወይም ታውቃለች ብላ ታስባለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በወተት የራሰ ዳቦ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። «አባ፣ ትንሽ ቅመስ» ስትለው ዓይኑን ጨፈነ። ጎድኑ ላይ ቆዳው ሲወጣና ሲወርድ አየች። ከዚያ የላይኛውን ጓንት፣ ቀጥሎ የታችኛውን አወለቀች። እጇ በላብ ነጥቶ፣ ተሸብሽቦ ነበር። ሱሪዋ ላይ ጠረገችውና ጉንጩ ላይ አኖረችው።

አባቷ ዓይኑን ገለጠ። እጇን በሁለት እጁ ያዘው፣ መዳፏን አገላበጠው።

«ቀዝቅዞሻል» አላት። «ከየት መጣሽ?»

«ከሥራ ነው አባ።»

«ጠፋሽ እኮ። አንዲት ሴትዮ ነበረች የምትመጣው። ክፉ አይደለችም፣ አላህ ይስጣት። ግን እጇ ላስቲክ ነው።»

ዳቦውን ቆርሳ ስታቀርብለት ተቀበላት። ቀስ ብሎ አኘከ፣ ሌላ ጠበቀ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን በላ። ጣቶቿን ከከንፈሩ ላይ ስታነሳ መልሶ ይዟቸው እንቅልፍ ወሰደው። እሷም እጇን ሳትነጥቀው እስኪመሽ ድረስ ተቀመጠች።

በኋላ እጇን በሳሙና፣ ከዚያ በአልኮል፣ እንደገና በሳሙና አሸች። ቆዳዋ እስኪቀላ አሸች። የሚቀረው የት እንደሚቀር ግን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፦ ጥፍር ሥር፣ በጣት አሻራው መስመሮች መካከል፣ ልክ መርፌዋ የምትወጋበት ቦታ ላይ።

ቅዳሜ ጠዋት ደም ቤቱ በር ላይ ጣቷን ከቀዳዳው ከተተች። ሻይ አልጠጣችም። የመሣሪያ ክፍል ሠራተኞች ከውስጥ ስለሚፈለጉ ውጤታቸውን ሳይጠብቁ ነው የሚገቡት፣ ስለዚህ ስሟ ሳይበራ ካባዋን ለብሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። የጠዋቱ ደም በመሣሪያው ውስጥ ማለፍ ጀመረ። ስሞች ተከፈቱ፣ አራት ነበሩ። አንድ የእንጀራ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ አንድ የባቡር ጣቢያ ጠባቂ። አራተኛው የእሷ ስም ነበር።

ጋሽ ግዛቸው ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። ሁለቱም ማያ ገጹን አዩ።

«ፕላስተር ነው» አለ። «ያባትሽ።»

«አዎ።»

«ስባሪው የለም።»

ስባሪ የሚሉት ጉበት መድኃኒቱን ሲያደቅቀው በደም ውስጥ የሚተወውን ቅሪት ነው። መድኃኒት የወሰደ ሰው ደም ውስጥ መድኃኒቱ ከስባሪው ጋር ይገኛል። በራቢያ ደም መድኃኒቱ ብቻውን ቆሟል። ወደ ሰውነቷ አልገባም ማለት ነው። ጣቷ ላይ ነበር፣ መርፌዋ ስትወጋት ከጠብታው ጋር ተቀላቀለ።

ጋሽ ግዛቸው የሦስቱን ሌሎች ሰዎች ውጤት በየተራ ከፈተ። የሁሉም እንደዚያው ነበር።

«እስከ ዛሬ ያቀላናቸው...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርስ ተወው። ተነሥቶ ከመሳቢያ መርፌና ቱቦ አወጣ። «ክንድሽን ስጪኝ» አላት።

ከክንዷ የቀዳውን ደም መሣሪያው ውስጥ አስገቡት። ጋሽ ግዛቸው እጁን አጣምሮ ቆሞ ጠበቀ። ውጤቱ ንጹሕ ነበር።

የደም ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ጽጌማርያም ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ስታይ ፊቷ አልተለወጠም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለቻት ራቢያ።

«ወሰኑ ከወረደ ጀምሮ። እኔም እኮ ኬሚስት ነበርኩ ራቢያ።»

«ታዲያ ሲገኝባቸው ለምን ከክንዳቸው አይወሰድም?»

ወይዘሮ ጽጌማርያም መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይወሰድ እንበል። ነገ የወሰደው ሁሉ አባቴን ዳስሼ ነው፣ እናቴን አጥቤ ነው እያለ ይመጣል። ክንዱን እስክንወጋው ድረስ ጤዛው ከሰውነቱ ይወጣል። ልጄን የት እንዳገኘሁት ታውቂያለሽ። በዋዜማው ደሙ ንጹሕ ነው ተብሎ ነበር፣ ያን ጊዜ ወሰኑ ከፍ ያለ ነበርና። ንጹሕ የሚለውን ወረቀት እስከ ዛሬ አልቀደድኩትም።»

ራቢያ ልጁን ታስታውሰዋለች። የልብስ ስፌት ፋብሪካው ማደሪያ ውስጥ ሞቶ ነበር የተገኘው።

«ያንቺን እኔ አስተካክለዋለሁ» አለች ወይዘሮ ጽጌማርያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የጣቱ ናሙና ተበላሽቷል ብዬ የክንድሽን አስገባለሁ። ሰኞ ሥራሽ ላይ ነሽ። ከእንግዲህ ግን አባትሽን በጓንት።»

«ሦስቱ ሰዎችስ?»

«የሦስቱ የጣት ነው።»

«ከክንዳቸው ይወሰድ።»

«አልችልም።»

ራቢያ ደፋር ሴት አልነበረችም፣ ራሷም እንዲያ ብላ አታውቅም። በዚያች ሰዓት ያሰበችው ስለ መምህርቷም ስለ ጠባቂውም ብዙ አልነበረም። «በጓንት» የሚለው ቃል ነው ጆሮዋ ውስጥ የቀረው። የአባቷ የተገጠመ አፍ ታያት። ሰኞ በጓንት፣ ማክሰኞም በጓንት፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይሞታል። እነዚያ ሦስቱም ቤት ውስጥ የሆነ ሰው አላቸው ማለት ነው።

«እንግዲያው የኔም የጣቱ ይሁን» አለች። «አውራ ጣቴን ግን በአራቱም ላይ አላሳርፍም።»

«ሌላ ሰው አስመጣለሁ።»

«ያስመጡ።»

«ከሰዓት በኋላ ያልቃል ራቢያ። የምታተርፊው ግማሽ ቀን ነው።»

«አውቃለሁ» አለችና ተነሣች።

ሁለተኛ አውራ ጣት ያላረፈበት ስም አይቀላም፣ አረንጓዴም አይሆንም። ያልተወሰነ ይባልና ሰውየው እስኪጠራ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ግዛቸው ጠበቃት።

«ጡረታዬ ደርሷል» አላት ሳያያት።

«አልፈረድኩብዎትም ጋሽ ግዛቸው።»

«ቱቦውን አልደፋሁትም። የክንድሽን። ስምሽን ጽፌበት ማቀዝቀዣው ውስጥ ከኋላ አስቀምጬዋለሁ። አንድ ቀን የሚጠይቅ ቢመጣ።» ቀጥሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት። እሷም እንዲሁ አደረገች።

ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገድ ላይ ለሙሄ ደወለች። «ዛሬ ቶሎ ና» አለችው። «ይዘውኝ ይሄዳሉ። የሆነ ሰው መኖር አለበት።»

«ምን አደረግሽ?»

«አበላሁት።»

ስልኩ የተዘጋ መስሏት ልታወርደው ስትል «እመጣለሁ» አለ።

አባቷ ያን ቀን ደህና ነበር። ራቢያ በባዶ እጇ ፂሙን ላጨችው፣ ጥፍሩን ቆረጠችለት፣ እግሩን በሞቀ ውሃ አጠበችው። በጣቶቹ መካከል ያለውን ቆዳ በአውራ ጣቷ እያሸች ስታጥብ በእፎይታ ተነፈሰ። ስለ ታጁራ ባሕር አወራላት፣ ስለ አንድ ሌላ ሹፌር፣ እናቷን መጀመሪያ ስላየባት ሐርጎ ገበያ። ከሚለው ግማሹ የተቀላቀለ ነበር። እሷ ግን አላረመችውም።

«አብሽሪ» አላት በመካከሉ፣ ምን እንደተሰማው እንጃ። «መንገዱ ደህና ነው።»

ሙሄ የአሥር ሰዓት አዛን ሲል ደረሰ። እንደ ልማዱ ደፉ ላይ ቆመ። የማረፊያው መኪናም ብዙ ሳትቆይ ከበሩ ፊት ቆመች። ከማረፊያው የመጡት አንድ ሴትና አንድ ወንድ ነበሩ፣ ሁለቱም እስከ ክርናቸው የሚደርስ ሰማያዊ ጓንት አጥልቀዋል። አልተቆጡም፣ አልገፉም። ሴትዮዋ የራቢያን ስም ጠይቃ አረጋገጠች። ከዚያ እንደ ደንቡ እጆቿን በሁለት የላስቲክ ከረጢቶች ከትታ አንጓዋ ላይ አሸገቻቸው። ራቢያ ከአልጋው ራቅ ብላ ቆመች። ከረጢቶቹ ትንፋሽ እንደተነፋባቸው ከውስጥ ጭጋግ ያዙ።

አባቷ የእግር ኮቴውን ሰምቶ ራሱን ቀና አደረገ።

«ማነው?»

«እንግዶች ናቸው አባ» አለች።

«ታዲያ እንግዳ ያስቆማሉ? ግቡ በሏቸው። ከየት ነው የመጣችሁት?» አለና የቀኝ እጁን ወደ ሰዎቹ ዘረጋ።

ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ሴትዮዋም እንደዚያው። ይህ የከተማው ሰላምታ ነው፣ ነውር የለበትም። አቶ ይመር ግን አያያቸውም። እጁ አልጋው ጫፍ ላይ፣ አየር ላይ ቀረ። አላወረደውም። እንግዳው ዕቃውን እያስቀመጠ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይመስል ነበር። ራቢያ በታሸጉት እጆቿ አንድ እርምጃ ተራመደች፣ ሴትዮዋ መንገዷ ላይ ቆመች። «ይቅርታ እህቴ» አለቻት ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ሙሄ እጆቹን ከኪሱ አወጣ። ደፉን አለፈ።

«ወንድሜ፣ ጓንት» አለ ሰውየው።

ሙሄ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ የአባቱን እጅ በሁለት መዳፉ ያዘ፣ ግንባሩንም አስነካው።

አቶ ይመር ጣቶቹን ዳሰሰ፣ መሪ ከመያዝ የጠነከረውን መዳፍ በአውራ ጣቱ ተጫነው።

«ሙሄ» አለ። «የት ነበርክ አንተ?»

«እዚሁ ነበርኩ አባ።»

ራቢያን ይዘዋት ወጡ። ከመኪናዋ መስኮት ስትመለከት የመኝታ ቤቱ በር አልተዘጋም ነበር፣ የወንድሟ ጀርባም ከአልጋው ጎን አልተነሣም።

ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የነዳው ሌላ ሰው ነው።